ስልካቸው አይሠራም፣ ሞጁሉም አይገባኝም፦ ለአንዲት ተመራቂ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 4ኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ጂሲ (ተመራቂ) ነን፣ ሰኔ ላይ የመውጫ ፈተና ይጠብቀናል። ቤተሰቦቼ ያሉት ወሎ ገጠር ነው። በአካባቢው ባለው ግጭት ስልክ ከጠፋ ወር አልፎታል፤ ታናሽ ወንድሜ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል የለም። ሞጁል ከፍቼ አንዱን ገጽ ደጋግሜ አነባለሁ፣ ምንም አይገባኝም። ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ላይ ሁለት ኮርስ ተበላሽቶብኛል። ምግብ አስጠልቶኛል፣ ጾሙም አለ። ግቢ ጉባኤ መሄድ ትቻለሁ። የዶርም ልጆች ‹ጫት ሞክሪ፣ ያነቃሻል› ይሉኛል። ልተኛ ስል እናቴ በስሜ ስትጠራኝ ይሰማኛል፤ እያበድኩ ይሆን? እነሱ እንደዚያ ሆነው እኔ እዚህ ካፌ ተሰልፌ መብላቴ ያሳፍረኛል። አንዳንዴ ባልነበርኩ ይሻል ነበር እላለሁ። ዊዝድሮዋል (ትምህርት ማቋረጫ) ልሙላ ወይስ ልታገል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጨረሻ አካባቢ በአንድ መስመር ጣል አድርገሽ ያለፍሽውን አስቀድሜ ልያዘው። «ባልነበርኩ ይሻል ነበር» ብለሻል። ይህ ሐሳብ ከባድ ጭንቀት ላይ ያለ ብዙ ሰው ዘንድ ይመጣል፤ ስለመጣብሽ ክፉ ሰው ወይም እምነት የጎደለሽ አትሆኚም። ግን ሁለት መልክ አለው። አንደኛው «ደከመኝ፣ ይህ ሁሉ ቢቀርልኝ» የሚል ነው። ሁለተኛው ራስን ስለመጉዳት፣ እንዴትና መቼ እስከ ማለት የሚደርስ ነው። ሁለተኛው ከሆነ የቀረውን ማንበብ ተዪውና አሁኑኑ አጠገብሽ ላለች አንዲት ልጅ ሳትሸፋፍኚ ንገሪያት፤ ይዛሽ ግቢ ክሊኒክ ወይም ቅርብ ካለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ትሂድ። ሌሊትም ቢሆን። እጅሽ ላይ መድኃኒት ካለ ለእሷ ስጫት፣ ብቻሽን አትደሪ። ለሰው መናገር ሐሳቡን ያባብሰዋል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ እኛ በሥራችን የምናየው ተቃራኒውን ነው፣ ተናግሮ ያልቀለለው ሰው ጥቂት ነው። የመጀመሪያው መልክ ብቻ ቢሆንም ለአንድ ሰው ይነገር። ዛሬ የመጀመሪያው የሆነው ከወር በኋላም እዚያው ላይ ይቆማል ብሎ ዋስ የሚሆን የለም።

«እያበድኩ ይሆን?» ላልሽው፣ ከጻፍሽው ተነሥቼ የምሰጠው መልስ አይደለም ነው። እንቅልፍ ሊወስድ ሲል በስም መጠራት፣ በር የተንኳኳ መምሰል፣ ስልክ የጮኸ መስሎ መባነን በጤነኛ ሰውም ላይ ይደርሳል። ከንቃት ወደ እንቅልፍ በሚሻገሩባት በዚያች አፍታ ሕልሙ ቀድሞ ይጀምራል። እንቅልፍ ባነሰው ሰው ላይ ይበዛል፣ ሰው በሚጠብቅ ሰው ላይም ይበዛል፤ አንቺ ሁለቱም አለብሽ። ቀኑን ሙሉ የምታስቢው እናትሽን ነውና የሚጠራሽም የእሷ ድምፅ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ በጠራራ ፀሐይ፣ ሙሉ በሙሉ ነቅተሽ ሳለ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ቢያዝሽ ወይም ቢሰድብሽ፤ የዶርም ልጆች ሊጎዱኝ ተማክረዋል የሚል ጥርጣሬ ቢገባሽ። እንደዚያ ያለ ነገር ካለ ቀን ሳይቆጠር ሐኪም ጋ ይኬዳል። ከባድ ከሚባሉት የአእምሮ ሕመሞች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከ25 ዓመት በፊት፣ ልክ በዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ነው፤ ቶሎ የተያዘ ደግሞ የተሻለ ይድናል።

በደብዳቤ ብቻ ምርመራ አይሰጥም። ሆኖም ሳይነጋ መንቃት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ይወዱት ከነበረ ነገር መራቅ፣ ትኩረት ማጣት፣ ራስን መውቀስ፣ እነዚህ አብረው 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆዩ ድብርት ብለን የምንጠረጥራቸው ናቸው። የአንቺ ከዚያ አልፏል። በሌላ በኩል ደግሞ ቤተሰቡ የት እንዳለ ያላወቀ ሰው ቢጨነቅ ሕመም ሳይሆን ሰው መሆን ነው። የትኛው ምን ያህል እንደሆነ ፊት ለፊት ያየሽ ባለሙያ ይለየዋል። የትኛውም ቢሆን ግን እኔ የምጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከሌሊቱ።

ብዙ ተማሪ የሚጀምረው ከጥናቱ ነው። «ጥናቴ ቢስተካከል ጭንቀቱ ይለቀኝ ነበር» ይልና ሌሊቱን ለሞጁሉ ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። አንዱን ገጽ ደጋግመሽ የምታነቢው ሰንፈሽ ወይም ጭንቅላትሽ ተበላሽቶ አይደለም። ያነበቡትን ዓረፍተ ነገር ከቀጣዩ ጋር እስኪያገናኙት ድረስ በአእምሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ ያ የመያዝ አቅም በተፈጥሮው ጠባብ ነው፣ ስጋት ሲገባበት ደግሞ ዋናውን ቦታ ይወስዳል። «ወንድሜ የት ደረሰ» የሚለው ጥያቄ ተቀምጦበት «ዴፈርድ ታክስ» የሚለው አይገባም። በዚያ ላይ ቀን ያጠናነው የሚደላደለው ስንተኛ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እየነቃች የምትቸክል ልጅ ያስገባችውን ማስቀመጫ ታጣለች። ስለዚህ ለሚቀጥሉት 10 ቀናት ያህል ጥናቱን በግማሽ ቀንሺና እንቅልፉን አስቀድሚ። ጊዜ ያባከንሽ ይመስልሻል፤ አላባከንሽም።

አደራረጉ እንዲህ ነው። የመነሻ ሰዓትሽ አንድ ይሁን፤ ጠዋት 12 ሰዓት እንበል። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ ቅዳሜም ይሁን እሑድ፣ 12 ሰዓት ላይ ትነሻለሽ፣ ወጥተሽም ብርሃን ታያለሽ። ማታ ከ5 ሰዓት ተኩል በፊት ግን አልጋ ውስጥ አትግቢ። እንቅልፍ ያጣ ሰው «እስኪ ዛሬ ቶሎ ልተኛ» ብሎ በ3 ሰዓት ይጋደማል፣ እስከ 6 ሰዓት ይገላበጣል፣ አልጋው ራሱ የጭንቀት ቦታ ይሆንበታል። አልጋ ላይ የምትቆዪበትን ሰዓት ማሳጠር እንቅልፉን ይሰበስበዋል። የመጀመሪያዎቹ 4 ወይም 5 ቀናት ይከብዳሉ፣ ቀን ቀን ያፈዛል። ቀን አትተኚ። ካቃተሽ ከ8 ሰዓት በፊት ለ20 ደቂቃ ብቻ ይሁን። ቡናም ከ8 ሰዓት በኋላ ይቅር፤ ከሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡና ግማሹ ኃይሉ 5 ሰዓታት ገደማ ካለፉ በኋላም ደም ውስጥ አለ። (አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሚጥል በሽታ ካለብሽ፣ ወይም ሳትተኚ ጉልበትሽና ደስታሽ ከልክ በላይ የሚጨምርበት ጊዜ ኖሮ የሚያውቅ ከሆነ፣ የእንቅልፍ ሰዓት ማሳጠሩን ያለ ሐኪም አትጀምሪ።)

የዶርም ኑሮ ለዚህ እንደማይመች አውቃለሁ። አልጋሽ ወንበርሽ ነው፣ ማጥኛሽ ነው፣ መብያሽ ነው፣ ማልቀሻሽም እሱ ነው። አንድ የሚሠራ ዘዴ ልንገርሽ። ራስጌና ግርጌውን ለዪው። ቀን አልጋው ላይ መቀመጥ ግድ ሲሆን ሁሌም በግርጌው በኩል፣ ብርድ ልብሱ ተነጥፎ፣ ፊትሽን ወደ ራስጌው አዙረሽ ተቀመጪ። ትራስሽን የምትነኪው ልትተኚ ስትይ ብቻ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አካል ግን ቦታን ከልማድ ጋር ያያይዛል።

9 ሰዓት ላይ ስትነቂስ? ሰዓት አትዪ፣ ዳታ አትክፈቺ። ስልኩ ከአልጋው ራቅ ብሎ ሎከር ውስጥ ይደር፤ ለማንቂያ ከፈለግሽው ድምፁ ከዚያም ይሰማል። ትንሽ ጠብቂ፣ እንቅልፉ ካልመጣ ተነሺ፣ ጋቢሽን ደርበሽ ኮሪደሩ ላይ መብራት ባለበት ተቀመጪ። እዚያ የሚሠራው አሰልቺ ነገር ነው፦ ልብስ ማጠፍ፣ ዳዊት በዝግታ መድገም፣ ትንፋሽ በ4 ቆጠራ ማስገባትና በ6 ቆጠራ ማስወጣት። የማስወጫው መርዘም ልብ ምትን ዝቅ ያደርጋል። ሞጁል ግን እንዳትከፍቺ፤ አንዴ «እንግዲያው ነቅቼ ከሆነ ላጥና» ያልሽ እንደሆነ አካልሽ 9 ሰዓትን የሥራ መግቢያ አድርጎ ይለምደዋል። ዓይንሽ ሲከብድ ተመለሺ።

ሐሳቡን ግን «አታስቢ» አልልሽም፤ አይቻልምና። ሰዓት እንስጠው። ሁልጊዜ አመሻሹ 11 ሰዓት ላይ፣ ከእራት በፊት፣ ለ20 ደቂቃ ደብተር ይዘሽ ተቀመጪ። ገጹን ለሁለት ክፈዪ። በአንዱ በኩል ነገ ማድረግ የምችለው፣ በሌላው በኩል እጄ የማይደርስበት። «አጎቴን ለመጠየቅ መደወል» በመጀመሪያው ይገባል። «ወንድሜ ተርፎ ይሆን?» በሁለተኛው። አካውንቲንግ ተማሪ ስለሆንሽ ይገባሻል፦ ሰነዱ ያልተገኘለትን ሂሳብ በግምት አትዘጊውም፣ ሰስፔንስ አካውንት ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ፣ ሰነዱ ሲመጣ ትመለሺበታለሽ፣ እስከዚያ ሌላውን መዝገብ ትሠሪያለሽ። ሌሊት ላይ ጥያቄው ሲመጣ መልሱ «ተመዝግቧል፣ ነገ 11 ሰዓት» ነው። ሐሳቡ መጀመሪያ ላይ አይሰማሽም። ከሳምንት በኋላ መስማት ይጀምራል።

አሁን ወደ ስልኩ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» የሚለውን ድምፅ በቀን ስንት ጊዜ ትሰሚዋለሽ? ስትነሺ፣ በየክላሱ መሃል፣ ከካፌ ስትወጪ፣ ተኝተሽ። እያንዳንዱ ሙከራ ልብሽን ሰቅሎ ይጥለዋል። በትግራይ ጦርነት ከ2013 ጀምሮ ስልክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት፣ ከዚያ የመጡ ተማሪዎች በየግቢው ያሳለፉት ይህንኑ ነበር፤ አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም፣ ብቻሽንም አይደለሽም። በቀን ሁለት ጊዜ ሞክሪ፦ ከምሳ በኋላና ከ11 ሰዓቱ ጽሑፍ በፊት። ማታ አይሞከርም።

ከመደወል የሚሻል መንገድም አለ። ስልክ በሌለበት ወሬ የሚሄደው በሰው ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ዘመድ ይኖርሽ ይሆናል፤ ለገበያ የሚመጣ ነጋዴ፣ የአካባቢሽ ሹፌር፣ ለታመመ መድኃኒት ሊገዛ የወጣ ጎረቤት የሚያገኝ ሰው። አንዱን ሰው፣ አንዱን ብቻ፣ የወሬ ሰው አድርጊው። የእናትሽን ስም፣ ቀበሌና ጎጥ፣ በአካባቢው የሚታወቁበትን አጠራር ጽፈሽ ላኪለት፤ «ልጅሽ ደህና ናት፣ ትምህርቷ ላይ ናት» የሚል አጭር መልእክትም ጨምሪበት። እነሱም ያንቺን ደህንነት አያውቁም እኮ! ይህን ነገር ስነግራቸው ብዙ ተማሪዎች ይደነግጣሉ፤ የሚጨነቁት እነሱ ብቻ መስሏቸው ይቆያሉ። የፌስቡክና የቴሌግራሙን ነገር ግን ተዪው። የአካባቢሽን ስም ለጥፎ የሚዞረው ቪዲዮ ስንቴ የሌላ ቦታ ወይም የሌላ ዓመት ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚያ ከወሬ ሰውሽ ጋር አንድ ነገር ተስማሙ። ክፉ ወሬ ቢኖር እንዴት ይነገርሽ? በእኛ ባህል መርዶ በስልክ አይነገርም፤ የቅርብ ሰዎች ተሰብስበው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው። ይህ ሥርዓት ከብዙ የምክር መጽሐፍ የበለጠ ጥበብ አለው። ግቢ ውስጥ ግን ልጆች ኮሪደር ላይ ቆመው፣ ከፈተና ክፍል ሲወጡ፣ ከፌስቡክ ይሰማሉ። የአንዲት የዶርም ጓደኛሽን ስልክ ለወሬ ሰውሽ ስጪው፤ ቀጥታ ለአንቺ ሳይሆን ለእሷ ይደውል፤ እሷም ሁለት ሦስት ልጆች ሰብስባ፣ በተለይ ከአካባቢሽ የመጣ ካለ እሱን ጨምራ፣ በቀን ትንገርሽ። ይህን ማዘጋጀት ሟርት አይደለም። «ክፉ ወሬ ቢኖር በዚህ መንገድ ይደርሰኛል» ብለሽ ካወቅሽ፣ የተደወለልሽ ስልክ ሁሉ መርዶ መምሰሉን ይቀንሳል።

ስለ ካፌው ሰልፍና ስለ ኀፍረቱ። እናትሽ መልእክት መላክ ብትችል «አትብዪ» ትልሽ ነበር? አትልሽም። አለመብላትሽ እዚያ ለማንም ምግብ አይሆንም፤ እዚህ ግን እንቅልፍሽንም ትኩረትሽንም ይወስዳል። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባትሽን አነጋግሪያቸው። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀል እሳቸው ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፣ ሲጠየቁም ደስ ይላቸዋል። እስከዚያ ድረስ ምግቡ ባይጥምሽም በሰዓቱ ሽሮውንም ምስሩንም ጥቂት ጉረሺ፤ ፍላጎት እስኪመጣ ከተጠበቀ አይመጣም። ግቢ ጉባኤውም እንደዚሁ ነው። «ደስ ሲለኝ እሄዳለሁ» አትበዪ፣ ድብርት ውስጥ ደስታው የሚመጣው ከሄዱ በኋላ ነው። ከኋላ ተቀምጠሽ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ብትወጪም ሄደሻል። የመስጊድ ጀመዓ፣ ፌሎሺፕ፣ መረብ ኳስም ያው ነው፤ ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ልጆች ነው የምለው።

ጫት። የዶርም ልጆች የሚሉት ከፊሉ እውነት ስለሆነ «ክፉ ነው» ብዬ ብቻ ባልፈው አታምኚኝም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ቅመም ነው፤ ድካምን ያዘገያል፣ ለጥቂት ሰዓት ሁሉም ነገር የሚገባ ያስመስላል። ምርቃናው ላይ የተነበበው ብዙ ይመስላል፣ በማግስቱ ፈተና ወረቀት ላይ ሲፈለግ ግን ይጠፋል። ከዚያ የሚመጣው ደግሞ ለአንቺ መርዝ ነው፦ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መዘጋት፣ ሲበርድ የሚከተል ትካዜ። ሦስቱም አሁን ያሉብሽ ናቸው። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ (መጠጥ) ይመጣል፤ እሱን የማትፈልግ ልጅ ደግሞ ከፋርማሲ የእንቅልፍ ኪኒን ትጠይቃለች። ዳያዜፓምና መሰሎቹ ከሳምንታት በላይ ሲወሰዱ ሱስ ያስይዛሉ፣ ከመጠጥ ጋር ሲደባለቁ ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳሉ። ያለ ሐኪም አትንኪያቸው። ዶርሙ ውስጥ በሚቃምበት ሰዓት ላይብረሪ ሁኚ፤ ከልጆቹ ጋር ክርክር አያስፈልግም።

ጥናቱ። በቀን 4 ጊዜ ለ25 ደቂቃ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ስልክ ሳይያዝ። ሞጁሉን ከመጀመሪያ ገጽ አትጀምሪ። የመውጫ ፈተናው የሚወጣበትን የይዘት ዝርዝር ከዲፓርትመንት ውሰጂና ያለፉ ሞዴል ጥያቄዎችን ሥሪ፤ የሳትሽውን ብቻ ወደ ሞጁሉ ተመልሰሽ እዪ። ማንበብ የተሳነው አእምሮ ጥያቄ መሥራት ይችላል፣ አጭርና መጨረሻ ያለው ነውና። ስለ ፈተናው ራሱ የምትፈሪውን ያህል አትፍሪው። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ያልቀናውም በሚቀጥለው ዙር ድጋሚ ይቀመጣል። ኤክሰለንት ማምጣት የዘንድሮ ሥራሽ አይደለም።

ዊዝድሮዋሉን በሚመለከት አሁን አትሙዪ እላለሁ። ምክንያቴ ትምህርት ከጤና ይበልጣል የሚል አይደለም። አንድ፣ ድብርት ያለበት ሰው ከሌሊት 9 ሰዓት ላይ የወሰነውን ትልቅ ውሳኔ ከተሻለው በኋላ ብዙ ጊዜ ይጸጸትበታል። ሁለተኛውና ዋናው ግን፣ ወጥተሽ የት ትሄጃለሽ? ግጭቱ ባለበት ቤትሽ መግባት አትችዪም። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሳሎን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጦ ዜና መጠበቅ ከግቢው የከፋ ነው፤ እዚህ ቢያንስ መነሻ ሰዓት፣ ምግብ፣ አብሮ የሚያድር ሰው አለ። መካከለኛ መንገዶችንም ጠይቂ፦ ኮርስ ድሮፕ ማድረግ (መተው)፣ ኢንኮምፕሊት (ያልተጠናቀቀ ውጤት) መያዝ፣ የተበላሸውን ሚድ የሚተካ ፈተና። ከ3 ሳምንት በኋላ እንየው። እስከዚያ ምግብ ጨርሶ እምቢ ካለሽ፣ ከአልጋ መነሣት ካቃተሽ፣ ወይም ያ መጀመሪያ ላይ ያነሣሁት ሐሳብ ከበረታ፣ ያኔ ዊዝድሮዋል ትክክለኛው ውሳኔ ነው፣ ምንም የሚያሳፍር የለውም። በሐኪም ወረቀት፣ በሬጅስትራር በኩል፣ የጊዜ ገደቡ ሳያልፍ ይሁን። ከሁሉ የሚከፋው ሳይናገሩ ሻንጣ ይዞ መጥፋት ነው፤ ከዓመት በኋላ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ሲጠየቅ መዝገቡ ላይ የሚገኘው ኤፍ ብቻ ይሆናል።

ሐኪም ጋ መሄዱን ግን 3 ሳምንት አትጠብቂ፤ በዚህ ሳምንት ነው። ከግቢው ክሊኒክ ጀምሪ። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ፤ ሁለቱም ድካምና ትኩረት ማጣት ያመጣሉ። የሕክምና ትምህርት ያለባቸው እንደ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳና ሐረማያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነርሶች ይሠራሉ። «አማኑኤል ልትገባ ነው» የሚለው ቀልድ የዱሮ ነው። ለነገሩ አማኑኤልም ቢሆን አብዛኛው ታካሚ ታይቶ፣ መድኃኒቱን ይዞ፣ በዚያው ቀን ቤቱ የሚመለስበት ሆስፒታል ነው። ፀበል መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ፤ ኪኒኑን ከፀበሉ ጋር አታጣዪው፣ በአንዱ ምክንያት ሌላውን አታቋርጪ።

መድኃኒት ከታዘዘልሽ፣ ብዙ ጊዜ ፍሉኦክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ነው የሚሆነው፣ ሥራው በ2 እና በ4 ሳምንት መካከል ይጀምራል እንጂ በማግስቱ አይደለም። ተማሪዎች በ5ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው ይተዉታል። ሱስ አያስይዝም፤ በድንገት ግን አይቆምም፣ ከተሻለሽም በኋላ 6 ወር ያህል ትቀጥያለሽ። ከ25 ዓመት በታች በሆኑ ሰዎች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቅበጥበጥ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ያቺ የዶርም ጓደኛሽ ይህን ትወቅ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም ሁለት ጊዜ ተመልሰሽ ታዪ። ኪኒኑ የአንድ ሳምንቱ ብቻ እጅሽ ይሁን፤ ቀሪውን ጓደኛሽ ታስቀምጥልሽ።

የቀረው አድቫይዘርሽ ነው። ምናልባት እስካሁን ያላነጋገርሽው «ምን ብዬ?» ብለሽ ይሆናል። ታሪክሽን ሁሉ መዘርዘር አይጠበቅብሽም። እንዲህ በይው፦ «መምህር፣ ቤተሰቦቼ ግጭት ያለበት አካባቢ ናቸው፣ ከወር በላይ አላገኘኋቸውም። ታምሜ ሕክምና ጀምሬያለሁ። ሚድ ላይ ሁለት ኮርስ ተበላሽቶብኛል፤ ማካካሻ ፈተና ወይም ድሮፕ ማድረግ እችል እንደሆነ መጠየቅ ፈልጌ ነው።» ከክሊኒክ የተሰጠሽን ወረቀት ፎቶ ኮፒ ይዘሽ ሂጂ፣ ኦሪጅናሉን አትስጪ። ካልሰማሽ ወደ ዲፓርትመንት ሄድ፣ ከዚያም ወደ ተማሪዎች ዲን ትሄጃለሽ፤ ለሁሉም እነዚሁ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ። ሰኞ ጠዋት፣ ከክላስ በፊት፣ ከጓደኛሽ ጋር ሂዱ።